የእጅ አበባ

በትንሿ የኦሃዮ ከተማ ሲኒማ ቤት ትኬት የምትቀድደው ኮሪን የአንዲት ደንበኛ ሴትዮን ስም አታውቅም። ሰባን ያለፉ ናቸው፤ ቀይ ሸራ ጫማ ያደርጋሉ። የሁለት ተማሪ ልጃገረዶችን የእርስ በርስ ፍቅር የሚያሳየውን ኮሜዲ በየሐሙሱ እየመጡ ያያሉ፤ ቀልዱ ሳይነገር ቀድመው ይስቃሉ። እንደ አገሩ ወግ ልጃገረዶች እጅ ላይ አበባ የሚታሰርበት የምረቃ ዳንስ ሲደርስ ግን የእጃቸውን አንጓ ይዳብሳሉ።

«ለእርስዎ የምረቃ ዳንስ አበባ ያሰረልዎት ማን ነበር?» አለቻቸው ኮሪን አንድ ቀን።

«ወደ ዳንሱ ይዞኝ የሄደው ልጅ ነዋ! ጓደኛዬ ግን መጸዳጃ ቤት ጎትታ አስገባችኝና የሱን ፈትታ የራሷን አሰረችልኝ።»

ፊልሙ ለመጨረሻ ጊዜ በሚታይበት ሐሙስ አንዲት ባለከዘራ እኩያቸውን አስከትለው ከች አሉ። ሁለቱም እጃቸው ላይ አበባ አስረዋል።

«ዳንሱ አመለጠን እንዴ?» አሉ ባለከዘራዋ እያለከለኩ።

«ኧረ ገና ነው!» አለች ኮሪን በሩን ወለል አድርጋ እየከፈተች።

«እንደርሳለን አላልኩሽም!» አሉ ባለቀይ ጫማዋ።