በጨው መጋዘን ደጃፍ የተሰቀለው የወደብ ብረት

ባሕር አይቼ አላውቅም። ሆኖም ዓይኔን ስጨፍን ከማያቸው ነገሮች ሁሉ አዘውትሮ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ያመጣብኝም ባሌ ነው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነበር። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ እሱ የመቐለ ተወላጅ። ተጋብተን ዓመት ሳይሞላን ምጽዋ ወርዶ አራት ዓመት ወደብ ላይ ሠራ። ሥራው ሲቀዘቅዝ ተመለሰ። ቀሚስ ወይም ሻሽ ይዞልኝ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ጨው አራግፎ በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ከኔ ቁመት የሚበልጥ የብረት ገበታ አስጭኖ መጣ። ፊቱ ዝጓል፤ ጀርባው ላይ ጥቃቅን የባሕር ዛጎሎች ተጣብቀዋል። አራት ዓመት የጠበቅኩት ለዚህ ነው እንዴ ብዬ አኮረፍኩ።

አመሻሽ ላይ ደጃፍ ተቀምጠን ሥራውን ይነግረኛል። መርከብ ሲጠጋ የወደቡን ግንብ ይገፋዋል። ግንቡና መርከቡ እንዳይጎዳዱ እነ ባሌ ይህን ብረት ከግንቡ ፊት በሰንሰለት ይሰቅሉታል፤ ከጀርባው ግንድና የገመድ ጥቅል ያደርጉለታል። መርከቡ ሲገፋው ወደ ኋላ ይላል፣ ሲለቀው ይመለሳል። እኔ ግማሹን እሰማለሁ፤ በግማሹ ከፊታችን ያለው የገብስ ማሳ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ እያየሁ ባሕሩ ይሄ ነው እላለሁ። አንዳንዴ ማሳው መሃል መርከብ ቆሞ ያየሁ ይመስለኛል። ከዚያ ዘመን የትኛው የሆነ፣ የትኛው ያለምኩት እንደሆነ ዛሬ ለመለየት ይቸግረኛል።

ፍርሃቴን ግን በደንብ አስታውሳለሁ። አንድ የምጽዋ ጓደኛው ከባሕሩ ማዶ፣ ዓደን ወደብ ላይ ሥራ አለ ብሎ ልኮበት ነበር። ባሌም፣ "እዚህ ሥራ ካገኘሁ እቀራለሁ፤ ካጣሁ ከመስቀል በኋላ እሄዳለሁ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ አለኝ።

ገበያው አጠገብ አንድ የጨው ነጋዴ መጋዘን ነበረው። ግመሎች ከቆላ ያመጡትን አሞሌ ሠራተኞቹ ከድንጋይ መደብ ላይ ሆነው ወደ መኪና ይጭኑታል። መኪኖቹ ወደ ኋላ ሲመጡ መደቡን እየገጩ ያፈርሱታል፤ ግንበኛ ከዚያ ደጃፍ ጠፍቶ አያውቅም። ባሌ ሄዶ ብረቱን ልስቀልልዎት አለው።

"መቐለ ላይ መርከብ ልታስቆምልኝ ነው፣ ወደይ?" ብሎ ነጋዴው ሳቀ። ልጄ ማለቱ ነው። ቢሆንም እሺ አለ። መደቡ ከተረፈ ባሌ እሱ ዘንድ ሥራ ይይዛል፤ ከፈረሰ ብረቱን ይዞ ይሄዳል።

ባሌ ብረቱን መደቡ ፊት ሰቀለው። ከጀርባው ያረጁ ጎማዎችና ጭድ የተጠቀጠቀባቸው ጆንያዎች አደረገ፤ ለመወዛወዣ የሚሆን ክፍተትም ተወ። ከዚያ ተጨማሪ ሰንሰለት ፍለጋ ኲሓ ከተማ ሄደ።

መስቀል እየደረሰ ስለነበር ነጋዴው መጋዘኑን የሚመርጉ ሴቶች ጠራ። እኔም አንዷ ነበርኩ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ብረቱ ኳ ይላል፣ ሴቶቹ ይስቃሉ።

"ሓፍተይ፣ የባልሽ ብረት እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይነቃነቃል እኮ" አለችኝ አንዷ፤ እህቴ ማለቷ ነው።

በእኛ ሙያ ግድግዳ ላይ ክፍተት ትታ የሄደች ሴት ስሟ በክፉ ይነሳል፤ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ እንኳ አይታለፍም። ባሌ የነገረኝን ረስቼው አልነበረም፤ ግን የሰማሁት ስለ ባሕር ነው፣ ያየሁት ደግሞ ግድግዳ። ሴቶቹ ለምሳ ሲሄዱ ወደኋላ ቀረሁ። ክፍተቱን በጠጠር ጠቀጠቅኩት፤ በላዩ በጭድ የተቦካ ጭቃ ሞላሁበትና በመዳፌ አጥብቄ ደለደልኩት። ነፋስ መጣ፤ ብረቱ ዝም አለ። ባሌን ከመሳቂያነት ያዳንኩት መስሎኝ ደስታዬን አልችለው አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ባሌ ከኲሓ ሲገባ መኪናውም ሊጭን መጣ። እኛ ሴቶቹ ከበሩ ማዶ ቆመን እናያለን። መኪናው ወደ ኋላ መጣና ብረቱን ገጨው። ብረቱ ንቅንቅ አላለም። መደቡ ግን ከጫፉ ተሰንጥቆ ተናደ፤ የተደረደረው አሞሌ እየተንሸራተተ መሬት ላይ ተሰባበረ። አንዱ ሰንሰለት ተበጥሶ ብረቱ ዘመመ፣ ጀርባው ታየ።

ባሌ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ። የደረቀው ጭቃ ላይ አምስቱ ጣቶቼ ቁልጭ ብለው ተቀምጠዋል። አንዴ አያቸው። ከዚያ በጋቢው ጫፍ፣ ቀጥሎ በጥፍሩ ጭቃውን ፈገፈገው፤ ጠጠሩን ፍርስራሹ ውስጥ አራገፈው። ነጋዴው ሲደርስ ብረቱ ንጹሕ ነበር።

"ምን ሆነ?"

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጌታዬ። አጥብቄ ሰቀልኩት።"

"ባሕርህ እዚህ አይሠራም፣ ወደይ" አለው ነጋዴው፤ ያለ ቁጣ።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። መምረጌን ለራሴ ይቅር ካልኩ ቆይቻለሁ፤ ዝም ማለቴን ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩም። ያ ሁሉ ሴት ሲመርግ ስለሰነበተ፣ ጣቶቹ የማን እንደሆኑ አላወቀም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ከመስቀል በኋላ ባሌ መኪና ላይ፣ ከጨው ጭነቱ አናት ወጣ። ሞተሩ ሲነሳ ወደኔ ጎንበስ አለና ፈገግ ብሎ፣ "እስክመለስ ግድግዳ እንዳትመርጊ፣ ጓል ወሎ" አለኝ።

ጓል ወሎ፣ የወሎ ልጅ፣ የሚለኝ ሲያሾፍብኝ ነው። መኪናው እስኪርቅ ድረስ መዳፌን እያየሁ ቆምኩ፤ ለካ አውቆ ነበር።

ሁለት ክረምት ግድግዳዬን አልመረግኩም። ዝናቡ ጭቃውን እየበላ ድንጋዩን አወጣው፤ ነፋስ እቤቴ ውስጥ ይመላለስ ጀመር። ጎረቤቶቼ ሰነፍ አሉኝ፤ የነፍስ አባቴም ገሠጹኝ። ታዝዤ ነው እላለሁ፤ ማን እንዳዘዘኝ አልናገርም። ባሌ ሳይወስደው የሄደውን ብረት ከነጋዴው ደጃፍ አስጎትቼ ደጃፌ አስደግፌው ነበር። ዛጎሎቹ አንድ በአንድ ሲረግፉ ለቅሜ በጨርቅ ቋጠርኳቸው። አንዳንድ ቀን ብረቱ ላይ ጆሮዬን አደርግና ውሃ የሰማሁ ይመስለኛል።

በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ አንድ ጠዋት ባሌ ደጃፌ ቆሞ አገኘሁት። ጠቁሯል፣ ከስቷል። እኔን ሰላም ከማለቱ በፊት ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየው። ሁለት ዓመት ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ከዚያ ሁሉ የወጣኝ ሁለት ቃል ብቻ ነው።

"እኔ ነበርኩ" አልኩት።

ጫማውን አወለቀ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለና ግቢው ጥግ ያለው የአፈር ቁልል ውስጥ ገባ። ወንድ ልጅ ሊመርግ ነው ብለው ጎረቤት ሴቶች ለማየት ወጡ።

"ውሃ ቅጂልኝ" አለኝ።

እንስራዬን አነሳሁና እስከ ምንጩ ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ።