ለጥቁርና ነጭ ፊልም ቀለም ነጋሪ

ከይጁቤ የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። እህቴ ጥሩነሽ ፋኖስ ይዛ እስከ መኪናው ሸኘችኝ። እንዳታለቅሺ ብያት ነበር፤ እሷ ስትችለው እኔ አልቻልኩም። ሰው ሁሉ «ልጇ ዘንድ ልትጦር ሄደች» ብሎ አውርቷል አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለመጦር አልነበረም። የሄድኩት ልጄን ስመኘውን ከባሕር ለማስቀረት ነው።

ስመኘው ኖርዌይ ከገባ ዓመታት አልፈውታል። በሥራ ቀን ዓሣ ያሽጋል፣ ቅዳሜና እሑድ የሐበሻ ሠርግ ይቀርጻል። እኔ ከመሄዴ በፊት በነበረው ዓመት ያቺን የሠርግ ካሜራውን ይዞ መጣና እኛው ሰፈር አንድ ፊልም ሠራ፣ የሠርግ ታሪክ። የጎረቤት ልጅ ሙሽራ ሆነች፣ ከደብረ ማርቆስ የመጡ ተማሪዎች ሚዜ ሆኑ። ሙሽራዋን ያለበስኳት እኔ ነኝ። ከሣጥኔ ቀዩን ከፋይ ቀሚሴን አውጥቼ «ይኼ ነው የሚያምርባት» አልኩ። ስመኘው ግን ፊልሙን ጥቁርና ነጭ አደረገው። ፈረንጆቹ ራሳቸው ወደ ጥቁርና ነጭ እየተመለሱ ነው፣ ፊት ይጎላል፣ ጥላው ያምራል ይላል። እኔ ምን አውቃለሁ? ትምህርት ቤት አልገባሁ፤ ፊደሉንም የለየሁት ወንድሞቼ ዳዊት ሲደግሙ ከምድጃ አጠገብ ሆኜ እየሰማሁ ነው።

ከተመለሰ በኋላ ደወለ። «እማ፣ ፊልሙ ካልተሸጠ መርከብ ላይ ልገባ ነው። ሰሜን ባሕር፣ ዓሣ ማጥመድ።» ሚስቱ ፀሐይ ስልኩን ነጠቀችው። «እዚያ መርከብ ላይ የነበረ ያገራችን ልጅ ማዕበል ወስዶት ሬሳው እንኳ አልተገኘም። እኔ አራስ ነኝ፣ እኔን አይሰማኝም። እርስዎ ይምጡና ይያዙልኝ።»

እግሬ ድሮም አያርፍም። ከይጁቤ አማኑኤል፣ ከአማኑኤል ደብረ ወርቅ፣ ጠበል ለጠበል ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። ባሕር ግን አላውቅም። ትልቁ ውኃዬ ዓባይ ነው፣ እሱንም ድልድዩ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የማልፈው። ልጄ ዳርቻ የሌለው ውኃ ላይ ሲቆም እያሰብኩ፣ የሦስት ወር ቪዛ ተቀብዬ ሄድኩ።

ኦስሎ ስደርስ አገሩ ራሱ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ዛፉ ጥቁር፣ መሬቱ ነጭ፣ ሰማዩ የዐመድ መልክ። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው የኛ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፤ የዚህ አገሩ አያፍርም። አይብ ብለው ያቀረቡልኝ ቡናማና ጣፋጭ ነው፤ አይብ እንዴት ከረሜላ ይሆናል? ጎረቤት ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ጫማውን ያያል። «እንደምን አደራችሁ» ብዬ ብዬ ተውኩት።

ከነሕፃናቸው የሚኖሩት ሼለር ውስጥ ነው፤ ሼለር ማለት ከሰው ቤት ሥር ያለ ቤት ነው። ስመኘው ቀን ሥራ ውሎ ማታ ማታ ፊልሙን እየቆረጠ ይቀጥላል። እኔን ግን አላሳየኝም፣ «ከሰው ጋር ታይዋለሽ» አለኝ። እልልታው ብቻ በግድግዳ እያለፈ ይሰማኛል። አንድ ቀን አከራይዋ፣ ዕድሜዋ ከኔ የማያንስ ሴት፣ በሩን አንኳኳች።

«ሰው ታሟል? ጩኸት እሰማለሁ» አለች። ስመኘው ነው የሚተረጉምልኝ።

«ሠርግ ነው» አላት።

«የማን?»

«የፊልም።»

«ሰኞም ሰማሁ፣ ማክሰኞም ሰማሁ። ስንት ጊዜ ነው የምትጋቡት?»

«አንድ ሠርግ ነው፣ እየደጋገምኩት ነው።»

«ኮንትራታችን ላይ ሠርግ የለም» ብላ ወጣች። «ታክ» አልኳት ከኋላዋ፤ ምስጋና ማለት ነው፣ ከነሱ ቋንቋ የማውቀው እሱን ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት ጋሽ መርዕድ መጣ። ያገር ቤት ፊልም እያስመጣ፣ በየከተማው አዳራሽ እየተከራየ ለሐበሻ የሚያሳይ ሰው ነው። እሱ ከገዛው ፊልሙ ይኖራል፤ እሱ ከተወው ልጄ መርከብ ላይ ነው። የመርከቡ ሰዎች እስከ ሰኞ ቁርጡን ንገረን ብለውታል። ጋሽ መርዕድ ኮቱን ሳያወልቅ ትንሽ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ የምሸጠው ቀለም ነው። ሴቶቹ ፊልም ቤት የሚመጡት ቀሚስ ሊያዩ ነው። የወደዱትን ጥለት አይተው ለሰፊ ያዛሉ። ከዚህ ምን ይዘው ይሄዳሉ?»

«ፊት ያያሉ ጋሼ። ታሪክ ያያሉ።»

«ፊትማ በነፃ ያያሉ፣ መስታወት አላቸው! ሰው ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ ገንዘቤን መልስ ይለኛል። ደግሞ የሟች ፎቶ ይመስላል።»

«ፈረንጅ አገር ተመልሶ መጥቷል እኮ።»

«ፈረንጅ ቀለም ጠግቧል። የኛ ሰው መች ጠገበ?» ወደኔ ዞረ። «ምን ይላሉ እትዬ ስንዱ?»

«እሑድ አሳይልኝ» አልኩት። «ለኔ ብለህ።»

አየኝ። «እሑድ እናየዋለን። ሰው ከወደደው አሥር ከተማ እወስደዋለሁ። ካልወደደው ግን እንዳትለምኑኝ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። ጋሽ መርዕድ ከፊት ተቀመጠ፤ ስመኘው ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ፊልሙ ተጀመረ። ያገሬ ኮረብታ መጣ። ሰዉም ጸጥ አለ፣ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ሙሽራው መንገድ ጀመረ፤ ከዚያ ሙሽራዋ ከቤት ወጣች።

ልብሷ ጥቁር ነው። ድቅድቅ ያለ ጥቁር።

«ውይ በሞትኩት! ሙሽራዋን ከል አለበሷት!» አለች ከኋላዬ አንዲት ሴት። «ሙሽራው ሞተ እንዴ?» አለች ሌላዋ። «ቅድም ወጥቶ አልነበር? መንገድ ላይ ሞቶ ይሆናላ!» የኔ ዕድሜ ያላቸው ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንባቸውን መጥረግ ጀመሩ። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ሚዜዎቹ ይጨፍራሉ፣ እነሱም ከወገብ በታች ጥቁር። «ለቅሶ ላይ የሚጨፍሩ እነዚህ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» አለ አንዱ። ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ ይስቃል። ከደጅ በኩል ያለው መውጣት ጀመረ። ጋሽ መርዕድ ኮፍያውን አነሣ።

ስመኘውን አየሁት። ልጄ ገና በልጅነቱ ከአገር የወጣ ነው፤ የከል ነገር ትዝ አላለውም፣ ጥቁሩ አምሮለት ነበር። እኔስ? ቀዩን የሰጠሁ እኔ። ቀይ እዚህ ሲደርስ ከል እንደሚሆን ማን ነገረኝ?

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። «ቀይ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ልጆቼ፣ ተቀመጡ፣ ማንም አልሞተም! ቀሚሱ ቀይ ከፋይ ነው፣ የራሴ ነው፣ እኔ ነኝ ያለበስኳት! የሚዜዎቹ ቁምጣ አረንጓዴ ነው!»

«እውነትዎን ነው እማማ?» አለ አንዱ ከበሩ ላይ።

«ታዲያ ልዋሽህ ነው? በርበሬ ሲበስል የሚመስለው ቀይ ነው። ያ ከኋላዋ ያለው ማሳ ኑግ ነው፣ አበባው ቢጫ፣ ዓይን ያጠፋል።»

«አጥሩስ?» አለ ሌላ ሰው፣ ሊቀልድ።

«አጥሩ ቀለም የለውም፣ እንጨት ነው!»

ሳቁ አዳራሹን ሞላው። የወጣው ተመለሰ። እስኪያልቅ ቆሜ ነገርኳቸው፤ የላሟን፣ የሰማዩን፣ የጥለቱን። እዚያው የተወለዱ ልጆች ሳይቀሩ «እዚያጋስ? ያኛውስ?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር።

ሲያበቃ ጋሽ መርዕድ እጄን ያዘ። «ሌላ ፊልም ሳሳይ በሳምንቱ ተገልብጦ በየሱቁ ይሸጥብኛል። እርስዎን ማን ይገለብጥዎታል? አሥሩንም ከተማ እወስደዋለሁ። ግን ከርስዎ ጋር ነው፤ ያለርስዎ አንዱንም አልወስድም።»

ስመኘው ሰኞ የመርከቡን ሰዎች አልመጣም አላቸው። የኔ ቪዛ ደግሞ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እንዲራዘም ልለምን መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። አስተርጓሚው ያዲስ አበባ ልጅ ነው፣ ሹሟ ቀይ መነጽር ያደረገች ወጣት ናት።

«ለምን መቆየት እንደፈለጉ ይንገሩን።»

«የልጄ ፊልም ቀለም የለውም» አልኩ።

አስተርጓሚው ወደኔ ዝቅ አለ። «እማማ፣ ይኼን ልተርጉመው?»

«ተርጉመው።»

ሴትዮዋ መጻፏን አቆመች። «በሽታ ነው?»

«ልጄን ባሕር እንዳይወስደው ቆሜ ቀለም እናገራለሁ በላት። ክፍያ አልቀበልም።»

«ቀለም... መናገር» አለች ቀስ ብላ። ወረቀቱን አገላበጠች። «ይኼን የምጽፍበት ሣጥን የለም።»

«ካለው ሣጥን ውስጥ የሚሰፋውን ፈልጊልኝ» አልኳት። መጨረሻ ላይ «የቤተሰብ ጉዳይ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች፣ ሦስት ወር ጨመረችልኝ። ስትስቅ አላየኋትም፤ መነጽሯን ግን አውልቃ ጠረገች።

ከዚያ ዞርን። ባቡር፣ አውቶቡስ፣ እንደገና ባቡር። በየደረስንበት አዳራሹ ይሞላል፣ እኔ እቆማለሁ። ስመኘው ያሁኑን ፊልም ጨርሶ ሌላ ማሰብ ጀምሯል፤ ፀሐይም እንቅልፏ ተመልሷል። የመርከቡ ሰዎች ግን በየክረምቱ ሰው ይፈልጋሉ፣ ደብዳቤያቸው አይቀርም። አሥሩ ከተማ ሲያልቅስ? ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቅም።

በርገን ሰባተኛችን ነው። አንዲት ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ከፊት ተቀምጣ ነበር። ዓለሚቱ፣ ጎረቤቴ፣ ጀሪካን አዝላ በመንገድ ስታልፍ ፊልሙ ላይ የምትታይበት ቦታ አለ፣ ሦስት እርምጃ ብትሆን ነው። «አያቴ፣ የሷ ሻሽ ምን ቀለም ነው?» አለችኝ ልጅቷ።

ልመልስ ስል ቀለሙ ጠፋብኝ። አገር ቤት ዓለሚቱን እኮ በየጠዋቱ ነው የማያት! ጋሽ መርዕድ ዞሮ አየኝ። ስመኘውም ከማሽኑ ቀና አለ።

«ቢጫ» አልኩ።

ሁለተኛው ዙር እስኪጀምር ኮሪደር ወጥቼ ጥሩነሽ ጋ ደወልኩ።

«ምን ሆነሻል? ድምፅሽ ምነው?» አለችኝ።

«ደኅና ነኝ። የዓለሚቱ ሻሽ ምን ቀለም ነበር?»

«የምን ሻሽ? ለዚህ ነው ከዚያ አገር የምትደውዪው?»

«ንገሪኝ በሞቴ።»

«እኔ እንጃ እታለም። አብረሻት ውኃ የምትቀጂው አንቺ፣ እኔን ትጠይቂኛለሽ? ደግሞ የለችም እኮ፣ ልጇ ዘንድ መተከል ወርዳለች። ቤቱም ተዘግቷል።»

«ቢጫ ይሆን?»

«ይሆናል... አረንጓዴም ይመስለኛል። ተይው እስቲ እሱን። ገብሱ ታጭዷል፣ የቤትሽም ጣራ ጥገና ይፈልጋል። መቼ ነው የምትመጪው?»

ስመኘው ከበሩ ላይ በእጁ ጠራኝ። ፊቱ ላይ ያ አዳራሹ ሲሞላ የሚመጣው ፈገግታ አለ።

«ይቺን ልጨርስና» አልኳት፣ ስልኩን ዘጋሁ።

ገባሁና ቆምኩ። ሙሽራዋ ወጣች፣ ቀይ አልኩ። ማሳው መጣ፣ ኑግ አልኩ። ዓለሚቱ ጀሪካኗን አዝላ ብቅ ስትል ማንም ሳይጠይቀኝ «ሻሿ ቢጫ ነው» አልኩ። አሁን ዓይኔን ብጨፍንም ቢጫ ሆኖ ነው የሚታየኝ።