ሴቶች እንደተቀመጡ የተገፋው ታክሲ

ትናንት ከሰዓት ታናሽ እህቴ ለሳይንስ ፈተና ስታጠና «አንድ ነገር ተገፍቶ ካልተንቀሳቀሰ የተሠራ ሥራ የለም» እያለች እንደ ዘፈን ትደጋግመዋለች። እኔ ድንች እየላጥኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀምጬ ተነሳሁ። ደሜ ፈላ። ሦስት ዓመት ቢያልፈውም ያ ዓረፍተ ነገር አንድን ጠዋት ከነጭቃው አመጣብኝ።

ሰኔ ነበር፤ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የመጀመሪያው ቀን። ቤታችን አቃቂ ነው፣ የተመደብኩበት መፈተኛ ጣቢያ ግን ቃሊቲ። ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ቢያባራም መንገዱ ገንፎ ሆኗል። እናቴ «ፈተና ላይ ሆድሽ እንዳይጮህ» ብላ በግድ ፍርፍር አጉርሳኛለች፤ በርበሬው ገና አፌን እያቃጠለኝ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የመፈተኛው በር አንዴ ከተዘጋ ማንም አይገባም ተብለናል። ከቀረሁ የዓመት ልፋቴ ውኃ በላው ማለት ነው።

ድልድዩን አልፈን ዳገቷን ስንጀምር ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ጸጥ አለ። ሹፌሩ ቁልፉን ቢያዞር ባትሪው መልስ የለውም። ከኋላችን የተሰለፉት የጭነት መኪኖች ክላክሱን ያቀልጡታል።

«ወንዶች ውረዱ፣ እንግፋት! ሴቶች ቁጭ በሉ!» አለ ረዳቱ።

ወጉ እንዲህ ነው። ታክሲ ሲበላሽ ወንድ ወርዶ ይገፋል፣ ሴት ተቀምጣ ትጠብቃለች። ጨዋነት መሆኑ ነው። የዚያን ቀን ግን ታክሲውን የሞላነው እኛ ሴቶች ነበርን፤ ማረሚያ ቤት ሰው ለመጠየቅ ምሳ ዕቃ ያቀፉ እናቶች፣ እግራቸው ሥር ጆንያ ሽንኩርት የጎለቱ ነጋዴዎች። ወንዶቹ አራት ብቻ። አራቱ ሲገፉ እኛ ከነሽንኩርታችን ተጎልተናል!

ገፉ፤ ታክሲዋ ንቅንቅ አላለችም። ጫማቸው ጭቃው ላይ ይንሸራተታል፣ የአንዱ ደም ሥር አንገቱ ላይ ተገትሯል። የገፊዎቹ ጉልበት ያው ከሆነ፣ የሚገፋው ነገር በቀለለ ቁጥር ቶሎ ይፈጥናል። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋል? በመስኮት አንገቴን አወጣሁ።

«ሴቶቹ ይውረዱ! ይቀልላችኋል!»

«አርፈሽ ተቀመጪ!» አለኝ አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ እያለከለከ። «እኛ ወንዶቹ እያለን ሴት ጭቃ ትረግጣለች እንዴ?»

«እስካሁን እኮ የሠራችሁት ሥራ ዜሮ ነው!»

ወይ ጉድ! እኔ መጽሐፉ ያለውን ነው ያልኩት። ላቡ ለሚንጠፈጠፍ ሰው ግን ይኼ ስድብ እንጂ ሳይንስ አይደለም።

«ሰማችሁ? ዜሮ አለችን!» ብሎ ጮኸ።

«ማን ይሆን ያሳደጋት?» አለች ደግሞ ከኋላ ወንበር አንዷ። ከእኛው ከተቀመጥነው! ያንገበገበኝ ይኼ ነው። በሩን ከፍቼ ዘለልኩ። ጭቃው አንድ ጫማዬን ከነነጭ ካልሲው ዋጠው።

በር አጠገብ የተቀመጡትን እናት ለመንኳቸው። «እማማ፣ ይውረዱ በእናትዎ። ፈተና አለብኝ፣ በሩ ይዘጋብኛል።»

ዩኒፎርሜን አዩት። «ሚኒስትሪ ነሽ እንዴ? ታዲያ ይኼን አስቀድመሽ አትናገሪም!» ምሳ ዕቃቸውን አቅፈው ወረዱ።

«ኧረ ማዘር፣ ነውር ነው!» አለ ረዳቱ።

«ነውሩስ የልጅቷ ፈተና ሲያልፍ ነው።»

እሳቸው ሲወርዱ ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉ፤ ሽንኩርቱም ወረደ። እኔ ከኮታሙ ሰውዬ ጎን ገብቼ ገፋሁ። ታክሲዋ በመጀመሪያው ግፊት ተንቀሳቀሰች! ሮጥን። ሹፌሩ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቀው ጭስ ተፋች፣ ሞተሯ ተነሳ። ሴቶቹ እልል አሉ።

እልልታው ሳያልቅ ወንዶቹ እየሮጡ ዘለው ገቡ። ሹፌሩ ቢቆም ሞተሩ ሊጠፋበት ነው፤ ስለዚህ ዳገቱን ይዞ ላጥ። እኛ ከነጆንያው ጭቃ ውስጥ ቀረን። አንዱን ጆንያ ከባለቤቲቱ ጋር ጎትቼ፣ ሳንባዬ ሊፈነዳ ደርሶ ዳገቱ ጫፍ ስንደርስ ረዳቱ የታክሲውን ጣሪያ ይደበድባል።

«ቶሎ በሉ እንጂ ሴቶች! በእናንተ ምክንያት እኮ ረፈደብን!»

ኮታሙ ሰውዬ የእኔ ቦታ ላይ ተመቻችቷል። «አየሽ? ገፍተን አስነሳናት» አለኝ።

«እኛ ስንወርድ ነው የተነሳችው!»

«እሱማ ቀለል ብሏት ነው።»

ምን አልኩ ታዲያ እኔ! ከንዴት ብዛት እንባዬ መጣ። እማማ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። «አሁን እሱን ተዪው፤ ጥያቄሽን አስቢ» አሉኝ።

ጥበቃው የመፈተኛውን በር ሊዘጋ ሲገፋ ነበር የደረስኩት። በቀረችው ክፍተት በጎኔ ሾልኬ ገባሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ጭቃ በነካው እጄ ሠራሁ። አለፍኩ፤ ጥሩ አድርጌ ነው ያለፍኩት። ንዴቱ ግን አላለፈም።

ሰውዬው ክፉ ሰው አልነበረም። በእሱ ቤት እያከበረን ነው። ግን ቁጭ በሉ የተባልነው እኛ፣ ክብደቱ እኛ፣ ሲረፍድ ደግሞ ተጠያቂዎቹ እኛ! እንዲህ ያለውን ክብር ለምን እንደምቀበል እስካሁን ያስረዳኝ ሰው የለም። ስለዚህ አሁን ታክሲ ሲቆም ረዳቱ አፉን ሳይከፍት የምወርደው እኔ ነኝ። ወርጄም ሌሎቹን «ውረዱ» እላለሁ። ዓይን አውጣ የሚሉኝ አሉ። ይበሉኝ፤ እኔ እገፋለሁ።