«አባት» በሚለው መስመር ላይ የጻፍኩት ስም

በዚያ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ካናዳ ውስጥ በካልጋሪ ከተማ፣ አቢዴል ሰፈር ባለው ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ አምስት ሰዎች ነበርን። አንደኛ፣ ጋሼ የምላቸው የቤቱ አባወራ፤ በሰሜን በነዳጅ ካምፕ ሁለት ሳምንት ብየዳ ሠርተው፣ አንድ ሳምንት ለማረፍ የገቡት በዋዜማው ነበር። ሁለተኛ፣ ባለቤታቸው እትዬ፤ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ትንሽ ራቅ አድርገው ተቀምጠዋል። ሦስተኛ፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው፤ አማርኛ በደንብ ትሰማለች፣ ስትናገር ግን ግማሹን በእንግሊዝኛ ትሞላዋለች። አራተኛ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ ኤርትራዊ አዛውንት፤ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ እጅ ጽሕፈታቸው የሚያምር፣ የጉባኤውን ሰው ፎርም ሁሉ የሚያዩ። አምስተኛው እኔ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጋሼ አባቴ እንዳልሆኑ ይናገራል።

ካልጋሪ የገባሁት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከናይሮቢ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ በጋራ ፈርሞ፣ ዋስ ሆኖ አስመጣኝ። አባቴ የሞተው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ እናቴን ናይሮቢ ቀበርኳት። ኤርፖርት የተቀበሉኝ ጋሼ ነበሩ። ለሁለት ሳምንት እኛ ጋ ይረፍ ተብሎ የገባሁበት የምድር ቤት ክፍል መኖሪያዬ ሆኖ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲጠየቅ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ሌሎች «የእሳቸው ነው» ብለው ይመልሱልኛል። አላረምኳቸውም። ማረምም አልፈለግኩም።

ጊዜው የነዳጅ ዋጋ የጦዘበት ነበር። ዳውንታውን ክሬን የማይታይበት አቅጣጫ አልነበረም፤ ጠዋት ሥራ የለቀቀ ሰው ከሰዓት በኋላ ሌላ ይጀምራል። እኔ በአንድ የቧንቧ መጋዘን ዕቃ እያወረድኩ እሠራ ነበር። በምሳ ሰዓት ከላይብረሪ የተዋስኩትን የትሪጎኖሜትሪ መጽሐፍ አነባለሁ። የሁለተኛ ደረጃውን ፈተና ክፍል ሳልገባ ተፈትኜ አለፍኩ። አንድ ቀን ከመጋዘኑ አጥር ማዶ ሁለት ቀያሾች ሲሠሩ ቆሜ አየሁ። አንዱ በሦስት እግር በቆመ መሣሪያ ያያል፣ ሌላው ዘንግ ይዞ ሜዳው ላይ ቆሟል። ሠርተው ጨረሱ፤ ከዚያ ቁጥሩ አልገጠመም መሰለኝ፣ ማንም ሳያዛቸው ሁሉንም እንደገና ከመጀመሪያው ለኩ። ያን ሳይ ሥራዬ ይህ ነው አልኩ። የመጋዘን ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ካምፕ ገብቶ እጥፍ ደመወዝ ማግኘት እየተቻለ ትምህርት የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ አልገባቸውም።

አንድ የከተማው ኮሌጅ ለቅየሳ ትምህርት ተቀበለኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ትቼ መማር ግን ያለ እርዳታ አልችልም ነበር። ለመንግሥት የተማሪዎች እርዳታ የሚሞላውን ፎርም በመጀመሪያ በእርሳስ፣ ቀጥሎ በእስክሪብቶ ሞላሁ። «አባት» የሚለው መስመር ጋ ስደርስ ቆምኩ። ስም፣ አድራሻ፣ ሥራ፣ ገቢ ይጠይቃል። የሞተ ሰው አድራሻ የለውም። ባዶ ብተወው ደግሞ፣ ጋሼ ቆመው እየሄዱ አባት የለኝም ማለት ሆነብኝ። ይህ በእኛ ዘንድ ከእርግማን አይለይም። አዛውንቱን ጠየቅኳቸው።

«የማንን እንጀራ ነው የምትበላው?» አሉኝ።

«የጋሼን።»

«ታዲያ ምኑ ነው ጥያቄው?»

የጋሼን ስም ጻፍኩ። ጋሼ ወደ ካምፕ ሊሄዱ ቦት ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ቆመው ነበር። ለትምህርት ነው ስላቸው፣ ሳያነቡ ባሳየኋቸው ቦታ ፈረሙ፤ የታክስ ወረቀታቸውንም ሰጡኝ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። የወላጆችህ ገቢ ከፍ ያለ ስለሆነ ግራንት አይገባህም ይላል። የትርፍ ሰዓት ሥራ እንደ ጎርፍ በሚወርድበት ዘመን የብየዳ ሠራተኛ ገቢ ከፍ ባይል ነበር የሚገርመው። ደብዳቤውን አጥፌ ሥራ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን ግን የኮሌጁ የእርዳታ ክፍል ሄድኩ፤ ተስፋ ኖሮኝ ሳይሆን፣ የቱ ቁጥር እንዳስወደቀኝ በትክክል ማወቅ ስለፈለግኩ ነው።

መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴት መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ናት። ኮፒዬን አየችው፤ እኔ ኮፒ ሳላስቀር ወረቀት ለማንም አልሰጥም። የእኛን አገር ተማሪዎች ከዚህ በፊት ታውቃለች፤ ልጅ የአባቱን ስም አስከትሎ እንደሚጠራም ታውቃለች። የእኔ ሁለተኛ ስም አባት ተብለው ከተጻፉት ሰው ስም ጋር ለምን እንደማይገጥም ጠየቀችኝ። ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀች፤ አልተቆጣችም። ቅጠል ወረቀት ስባ አራት ነገር ጻፈችልኝ። ግራንት፣ እንደ ችግርህ ይሰጣል፣ አይመለስም። ሎን፣ ትምህርት ስትጨርስ ይመለሳል። በርሰሪ፣ ኮሌጁ ራሱ ይሰጣል፣ ስላለህበት ሁኔታ አንድ ገጽ ጽፈህ ትጠይቃለህ። ስኮላርሺፕ፣ በውጤት ነው፣ ከመጀመሪያው ተርም በኋላ ተመልሰህ ና። ከዚያ በጣቷ የአባት መስመር ላይ ነካ አድርጋ፣ ከግራንቱም ከበርሰሪውም ያወጣህ ይኼ ብቻ ነው አለችኝ። ስሕተት ይታረማል እንጂ አያስከስስም፤ ግን የማረሚያው ወረቀት እስከ ሰኞ መድረስ አለበት። አባወራው አባቴም አሳዳጊዬም አለመሆናቸውን ፈርመው፣ የሚያውቀኝ ሌላ ትልቅ ሰው ደግሞ ወላጆቼ መሞታቸውን መስክሮ።

በእንግሊዝኛ አራት ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ። ጋሼ ዓርብ ሲገቡ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ከትምህርቱ ይልቅ የፈራሁት ፊታቸውን ነው። ሁለት ዓመት ያስጠጋን ሰው፣ አባትህ አይደለሁም ብለህ ፈርምልኝ እንዴት ይባላል? ቅዳሜ አዛውንቱ ለምሳ መጡ። ሁለቱም ፈራሚዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ሌላ ሰበብ አጣሁ።

ጋሼ መነጽራቸውን መኪና ውስጥ ረስተውት ነበር። ወረቀቱን ለልጃቸው ሰጥተው አንብቢልኝ አሏት። ይህን አላሰብኩትም። ልጅቷ በዐይኗ ጨርሳ ወደ እኔ ቀና አለች።

«ላይክ… ‹እኚህ ሰው አባቴ አይደሉም› ነው የሚለው» አለች። «ጋርዲያኔም አይደሉም፤ ቤታቸው ሩም ሰጥተውኝ ነው የምኖረው።»

እትዬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ማውራት ጀመርኩ፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። ስለ መስመሩ፣ ስለ ገቢው፣ ስለ ሴትየዋ፣ ስለ ሰኞ በተራ አስረዳሁ። ጋሼ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቁኝ።

«አባትህ ማን ነበሩ?»

ስሙን ከነአያቴ ነገርኳቸው። ሥራውንም ጠየቁ፤ ወፍጮ ይጠግን ነበር አልኩ። የት እንደተቀበረ ጠየቁ። እሱንም ነገርኳቸው።

«ሁለት ዓመት ቤቴ ስትኖር አንድ ቀን አልጠየቅኩህም» አሉ። «እዚህ ላይ ስማቸው የታለ?»

አልነበረም። «ወላጆቼ በሕይወት የሉም» ብቻ ነበር የጻፍኩት።

«ግባና እንደገና ጻፈው። የእናትህንም። ሰው ስሙ ሳይጠራ አይሰናበትም።»

ክፍሌ ገብቼ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ተመልሼ ስወጣ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። ጋሼ አዛውንቱን በጥያቄ ይዘዋቸዋል።

«ፎርሙን ትክክል ነው ብለው ያሳለፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«የሚያበላ አባት ነው» አሉ አዛውንቱ ኮስተር ብለው። «እኔ እንዲህ ነው የተማርኩት።»

«እንግዲያ እዚያ ካምፕ የሚያበስልልን ኩክ ስምንት መቶ ልጅ አለው ማለት ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ናቸው። ልጅቷ ቀልዱ እስኪብራራላት ዘግየት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ከሦስት ቀን ወዲህ ያን ጊዜ ነው ደረቴ የተከፈተልኝ። ጋሼ መነጽራቸውን አስመጥተው እያንዳንዷን ቃል አንብበው ፈረሙ። አዛውንቱ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ከሥር መሰከሩ።

«ፈረመልኝ ብለህ ደግሞ እንዳትጠፋ» አሉ ጋሼ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ፣ «ሣሩን የሚያጭድ ሌላ ሰው የለም።»

በዚያው ቀን ከጠረጴዛው ሳልነሣ፣ የመጀመሪያውን፣ የተሳሳተውን ፎርም ኮፒ ይዤ እንደሆነ ጠየቁኝ። አለ አልኩ። «እሱን ለእኔ ስጠኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። ምን እንዲሠራላቸው እንደፈለጉት አልጠየቅኩም።

ሰኞ ጠዋት መስኮቱ ሳይከፈት ደረስኩ። ሴትየዋ ማኅተም መትታ ተቀበለችኝ። በነሐሴ መጨረሻ ግራንቱ ተፈቀደ፤ በርሰሪውም ተከትሎ መጣ። ደብዳቤውን የከፈትኩት ሰባተኛ አቬኑ ላይ፣ ሲትሬን የሚሉትን የከተማ ባቡር መጠበቂያው ወንበር ላይ ነው። ሁለት ባቡር አለፈኝ። ቸኩዬ አልነበረም።

ይህን የጻፍኩት በማስታውሰው ልክ ነው፤ ማስታወሴ ግን ሁሉ ቦታ እኩል አይደለም። ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ አራታችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። እስክሪብቶውን ያቀበለው ማን ነበር? እኔ እትዬ ይመስሉኛል፤ ልጅቷ ግን እኔ ነኝ ትላለች። ወረቀቱን ልገለብጥ ክፍሌ በገባሁበት ጊዜ ምን ተባለ? ከዚያ ሁሉ ደግሞ ይህን ንገሩኝ፦ ጋሼ ያን የተሳሳተ ፎርም የት አስቀመጡት? አባት በሚለው መስመር ላይ ስማቸው በእኔ እጅ ተጽፎ የቀረልን በዚያ ኮፒ ላይ ብቻ ነው።