አባ ግስግስና የአባቴ ዳማ

ልጆቹ ትናንት ከበቡኝና «እምዬ፣ የዚያን የፈረንጅ ፈረሰኛ ነገር ይንገሩን» አሉኝ። ፈረንጁን አይቼው አላውቅም፤ እኔ ሳልወለድ ገና ዱሮ አፈር ለብሷል። ቢሆንም ውለታ አለብኝና ልናገር። እንደ ልማዴ ወዲያ ወዲህ ካልኩ ታገሡኝ።

አገራችን ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ነው። ዛሬ እንጅባራ የምትሉትን ከተማ ያኔ ኮሶበር ነበር የምንለው። አባቴ የፈረስ ማኅበርተኛ ነበሩ። በኛ አገር ሰው ሲሞት እንኳ ፈረሱ ተሸልሞ ከለቅሶው ይቆማል፤ ከዚህ ወዲያ የፈረስን ነገር ምን ልበላችሁ? የአባቴ ፈረስ ግንባሩ ቦቃ የሆነ ዳማ ነበር። እሳቸው ሲያናግሩት በአገውኛ ነው፤ እኛን ሲቆጡን በአማርኛ።

አንድ ቀን ከዳንግላ ሲመለሱ የጭነት መኪና ከኋላቸው ደርሶ ክላክሱን ለቀቀባቸው። ዳማው ዘሎ አባቴን ከቦዩ ውስጥ ጣላቸው። እሳቸው አቧራቸውን አራግፈው ተነሡ፤ ፈረሱ ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ ፈረስ ሆነ። ከበሮ ሲሰማ ይንቀጠቀጣል፤ ጅራፍ ሲጮህ ገመድ በጥሶ ይሄዳል። ጎረቤት ሁሉ «ዓይን በልቶታል» አለ። ክታብ ታሰረለት፤ ጠበል ተረጨ። ዳማው ጠበሉንም ፈርቶ ሸሸ።

የጥር ጊዮርጊስ ደግሞ እየቀረበ ነበር። በዚያ ቀን ማኅበርተኛው ሁሉ በፈረሱ ላይ ሆኖ ይሰለፋል፤ ከበሮው፣ እልልታው፣ ጅራፉ ምድር ያናውጣል። በሰልፍ የማይቆም ፈረስ ያለው ሰው በእግሩ ቆሞ ሌላውን ያያል። አባቴ ይህን አልሸከምም አሉ። ከቻግኒ እህል የሚያመላልስ አንድ ነጋዴ ዳማውን ለጭነት ስጡኝ እያለ ይመላለስ ነበርና፣ «ለጊዮርጊስ ከቆመልኝ የኔ ነው፤ ካልቆመልኝ በዚያው ዕለት ያንተ ነው» ብለው ቃል ሰጡት።

ነጋዴው ሳቀ። «እንግዲያው ገመዴን ይዤ እመጣለሁ» አለ።

እኔ ገና ያላገባሁ ልጅ ነበርኩ። ዳማውን ከእናቱ ሥር ከወጣ ጀምሮ ውኃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ቆላ ወርዶ፣ ጆንያ ተጭኖበት፣ ጀርባው ተልጦ ሳስበው ምግብ አልወርድ አለኝ።

ኮሶበር ገበያ ዳር አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ትንሽ የሚያነክስ፣ ከአፉ ቀልድ የማይጠፋ። ዳንግላ ሳለ ወደ አገሩ የሚገባ ፈረንጅ ግራሞፎኑን ትቶለት ሄዶ ነበር፤ ሸክላው ግን አንድ ብቻ። ያንኑ አንዱን ቀኑን ሙሉ ሲያጫውት ይውላል። አንድ አስተማሪ ጽሑፉን አንብቦለት ኖሮ፣ «ይህን ያወጣው ፈረንሳዊ ነው፤ ዱሮ ሞቷል። ሥራው እየዘፈኑ ለሚጫወቱት የቀልድ ትያትር ዜማ ማውጣት ነበር» ይለናል። ሰው ማሳቅም ሥራ ሆኖ ይበላበታል? እያልን እንገረም ነበር።

ዜማው ሲጀምር ዝግ ይላል። ከዚያ ሳታስቡት መለከቱም ከበሮውም እኩል ይፈነዳና ሁሉም ነገር ይጋልባል። አንድ ቅዳሜ የቀርከሃ ምንጣፌን ሸጬ ስመለስ ከደጁ ቆምኩና ሳዳምጥ ልቤ አንድ ነገር ነገረኝ። ይህ እኮ የጊዮርጊስ ዕለት ጩኸት ነው። ልዩነቱ፣ ይኼኛው አቁም ሲሉት ይቆማል።

«ጋሼ፣ ፈረስ ይዤ ብመጣ ታሰማልኛለህ?» አልኩት።

«እስካሁን የሚሰሙኝ አህዮች ናቸው» አለ ደጁ የተቀመጡትን ደንበኞቹን በዓይኑ እየጠቀሰ። «ፈረስ ከመጣማ ተሾምኩ!»

ጊዜው ግን የነቢያት ጾም ነበር። በጾም ዘፈን መስማቱ ስለከበደኝ ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። ጺማቸውን ዳብሰው፣ «ፈረስ ጾም የለበትም፤ ይስማ። አንቺ ግን ጆሮሽን ድፈኚ» አሉኝ። ጥጥ ወትፌ ሄድኩ። ጥጡ ብዙም አልከለከለኝም፤ እሱንም ኋላ ተናዝዣለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ዳማውን ከልብስ ሰፊው ቤት ራቅ ካለው ሜዳ ጥግ አቆምኩት። ፍንዳታው ሲመጣ ገመዱን ከእጄ መንትፎ እስከ ወንዙ ሮጠ። መዳፌ ተላጠ፤ ለእናቴ «ቀርከሃ ቆረጠኝ» አልኳት። በማግሥቱም እዚያው ጥግ፣ በሦስተኛውም እዚያው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ የአጥር ቋሚ ያህል ወደ ቤቱ እንጠጋለን፤ ከበረገገ ደግሞ አንድ ቋሚ እንመለሳለን። ዜማው ዝግ ብሎ ሲጀምር ገብስ ከመቀነቴ ፈትቼ በእፍኜ እሰጠዋለሁ። ገና አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። ከጥምቀት ማግሥት ከደጁ ደረስን። ፍንዳታው መጣ፣ ሄደ፤ ዳማው ማኘኩን አላቋረጠም።

ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን መርገጥ ትቶ፣ «እይው! እይውማ! ሲያኝክ!» እያለ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጣ።

ይህን ጊዜ ወሬው ለአባቴ ደረሰና ዱላቸውን ይዘው መጡ። «በፈረሴ ትቀልጃለሽ አሉ!» ብለው ሲጀምሩ ልብስ ሰፊው ግራሞፎኑን ጠመዘዘው። ዜማው መጋለብ ሲጀምር ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ፈረሱን ያያሉ፤ ግራሞፎኑን ያያሉ።

«ይህን ያወጣው ሰው ፈረሰኛ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ኧረ የትያትር ሰው ነው፣ አባቴ» አለ ልብስ ሰፊው።

«አንተ መርፌ እንጂ ፈረስ የት ታውቃለህ? ፈረስ ላይ ያልዋለ ሰው እንዲህ አያወጣም። የፈረስ ስሙ ማነው?»

በኛ ዘንድ ስመ ጥር ፈረሰኛ ሁሉ በፈረሱ ስም «አባ እንዲህ» እየተባለ ነው የሚጠራው። ልብስ ሰፊው ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ፈረንጅ የፈረስ ስም አለው እንዴ?» አላቸው።

«የለውም? ምስኪን! እንግዲያው እኛ እናወጣለታለን።» ጥቂት አሰቡና፣ «አባ ግስግስ» አሉ። «ነፍሱን ይማረው።»

የጊዮርጊስ ዕለት ሜዳው ሰው ብቻ ነበር። ነጋዴው ገመዱን ጠቅልሎ በትከሻው ላይ አድርጎ ከፊት ቆሟል። አባቴ ከሰልፉ መካከል ገቡ። ከበሮው ተመታ፤ ዳማው ጆሮውን አቆመ እንጂ አልተነቃነቀም። ጅራፍ ጮኸ፤ ቆመ። እፎይ ልል ስል፣ በመንገዱ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሕዝቡን አይቶ ክላክሱን ለቀቀው። ዳማው ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ፤ የፊት እግሩ ከመሬት ተነሣ። ነጋዴው ገመዱን ከትከሻው ሲያወርድ አየሁት።

አባቴ ልጓሙን አልሳቡም። ወደ አንገቱ ጎንበስ አሉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ከሴቶቹ መካከል ሆኜ አየሁ፤ ያንን ዝግ ብሎ የሚጀምረውን ዜማ ነው የሚያንጎራጉሩት። የዳማው እግር ቀስ ብሎ ወደ መሬት ወረደ። ጆሮው ወደ ፊት ዞረ። ከዚያ ሰልፉ ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ ሸመጠጠ።

እኔ ከሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ሴቶቹ «ምን ሆነች?» ሲሉ እየሳቅሁ ነው የማለቅሰው። ነጋዴው ገመዱን እንደገና ጠቅልሎ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «በይ ያኑርልሽ፤ ይህስ ለጆንያ አይሆንም» አለኝ።

ማታ ለአባቴ፣ «አባዬ፣ ዘፈኑን ሲያዜሙ አይቼዎታለሁ» አልኳቸው።

«እኔ? ጸሎቴን ነው ያደረስኩት» አሉ።

ዳማው በግርግማችን አርጅቶ ሞተ። አባቴም እስኪያርፉ ድረስ በየጊዮርጊሱ ኮርቻ ከመንካታቸው በፊት «አባ ግስግስን ነፍሱን ይማርልን» ማለት አልተዉም።

ከብዙ ዓመት በኋላ መምህርት የሆነችው የልጅ ልጄ ስለ ሰውየው አንብባ መጣች። ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ በሽታ የሚያሰቃየው ሰው ነበር አለችኝ፤ ፈረሰኛም አልነበረም። ለአባቴ አዘንኩላቸው። እሷ ግን አልጨረሰችም። ሥራው ስለሚበዛበት፣ ፈረስ በሚጎትተው ሠረገላው ውስጥ ትንሽ ጠረጴዛ አስገጥሞ፣ ዜማውን የሚጽፈው በመንገድ ላይ እየሄደ ነበር።