ስለ ፀሐይ የተጠራ አውጫጭኝ

ኅዳር ፳፰ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታላቅ ወንድሜ ጎንደር ከተማ ተከራይቼ ከምኖርበት ቤት ገባ። ከትውልድ አገራችን ከኮሶዬ በጭነት ማኪና ነበር የመጣው። ሰላምታ አልሰጠኝም። ጋቢውን እንደተከናነበ መደቡ ላይ ተቀመጠና ታናሽ እኅታችን ልብሷን ሰብስባ እንድትነሣ አዘዘ።

እኅታችን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። የምትኖረው ከእኔ ጋር፣ የምትማረውም እኔ ሳይንስ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚኒስትሪ ፈተና ይጠብቃት ነበር። አሁን ወደ ኮሶዬ ከተወሰደች ተመልሳ ትምህርት ቤት እንደማትገባ ሦስታችንም እናውቃለን። በፋሲካ ሰሞን ሽማግሌ የላከባት ሰው ገና ተስፋ አልቆረጠም፤ ወንድሜም አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብሎት አያውቅም።

ምክንያቱን ስጠይቀው በቁጣ፣ እየቆራረጠ ነገረኝ። በዚያ ሰሞን ውርጭ ወርዶ የአገሩን ገብስ ፍሬ ሳይቋጥር አቃጥሎታል። ጭቃ ሹሙም አውጫጭኝ ጠራ። አውጫጭኝ የሚጠራው ቤት ሲቃጠል ወይም ከብት ሲሰረቅና አድራጊው ሲታጣ ነው፤ የአገሬው ወንድ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይከተታል፣ በደለኛው እስኪጠራም ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ለውርጭ ሲጠራ ግን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሜዳው ላይ የተቀመጡት ሰዎች ነገሩን እንደ ስርቆት ነው ያዩት፤ የፀሐይዋ ሙቀት ከቀነሰ የወሰደው አለ ማለት ነው። በዚህ መሐል አንድ ጎረቤታችን፣ ለኅዳር ሚካኤል ወደዚያ ወጥታ የነበረችው እኅታችን ምድጃ ዳር ያወራችውን አስታወሰ። ፈረንጆች የፀሐይን ብርሃን ሰማይ ላይ ሰብስበው እዚያው ይፈጁታል ብላ ነበር።

በእርግጥ ብላለች፤ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሰው ሠራሽ ጨረቃ እንላት የነበረችው ሳተላይት በጎንና በጎኗ ጥቋቁር ገበታዎች እንዳሏት፣ እነሱ ላይ ያረፈው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚለወጥ፣ ኤሌክትሪኩም ወደ ምድር ሳይወርድ እዚያው የራሷን ሬዲዮ እንደሚያሠራ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አስረድቻለሁ።

«ሰብስበው እዚያው ይበሉታል ብለሻል። አላልሽም?» አለኝ።

«ብያለሁ፣ አያ።»

«ጭቃ ሹሙም ሰብስቦ ይበላል። ግን እዚሁ እፊታችን ነው የሚበላው፤ አጥንቱ እንኳ ለውሻችን ይደርሳል። የእናንተዎቹ ምን ጣሉልን?»

ገበታዎቹ ከዚህ ቤት በር ብዙ እንደማይሰፉ፣ የሚይዙት ብርሃንም ምድር ላይ ከሚፈሰው ጋር ሲነጻጸር ከምንም የማይቆጠር መሆኑን ነገርኩት። ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ጊዜ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ላይ ስለሚለቅ እንደሆነም ጨመርኩ። ክፍል ውስጥ እንደማስረዳው ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ ነበር የተናገርኩት። ይህም ይበልጥ አናደደው።

«የጭልፊትም ጥላዋ ትንሽ ናት፤ ጫጩቷን ግን ይዛ ትሄዳለች። ሸጋ ተምረሻል።»

ወንድሜ ከአውጫጭኙ የተለቀቀው፣ ተናጋሪዋ የተባለችውን እኅታችንን ሰኞ ሜዳው ላይ ሊያቀርብ ዋስ ጠርቶ ነበር። ዋሱ የሚስቱ ወንድም ነው፤ እኅታችን ከቀረች የዋሱ በሬዎች ይያዛሉ። ዋስ ለመጥራት ምነው እንዲህ ቸኮልህ፣ ውርጩ ለዚያ ሽማግሌ ለላከው ሰው ጠቀመው እንጂ ብዬ በግልጽ ነገርኩት። አላስተባበለም። እሷ እንኳ በጊዜ ባለትዳርና ባለልጅ ትሁን ካለ በኋላ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ እንደሁ ከጠመኔ በቀር ያቀፍሽው የለም።»

እኅታችን እስከዚያ ድረስ የጓዳውን በር ይዛ ቆማ ነበር፤ ልብሷንም አልሰበሰበችም።

«አያ፣ እኔ የሰማሁትን ነው ያወራሁት» አለች። «አውጫጭኝ የሚፈልገው የሰማውን ነው ወይስ የተናገረውን?»

ወንድሜ ምላሷ ያንቺ ነው ብሎ እኔን ወቀሰኝ። ራት ያቀረብኩለትን የጾም ወጥ ሳይነካው ገፋ አደረገና ከቤቱ ይዞት የመጣውን ቆሎ ከአቁማዳው እያወጣ ቆረጠመ። በእናታችን ልጆች መካከል እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ።

በማግሥቱ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ፣ የእኅቴን ጥያቄ እኔው አንሥቼ ቃሉ የእኔ ስለሆነ የምቀርበው እኔ ነኝ አልኩት። ነገሩን በልቡ አሰላው። ጭቃ ሹሙ ተናጋሪዋን አምጡ እንጂ ታናሺቱን አምጡ አላለም፤ የዋሱም በሬዎች ይተርፋሉ። በመጨረሻ እሺ አለ፤ ነገር ግን እዚያ ሜዳ ላይ ወንድሜ ብዬ እንዳልጠራው አስጠነቀቀኝ። እንዲህም ተወሰነ፤ እኅቴ ጎንደር ትቀራለች፤ እኔ ሰኞ በመጀመሪያዋ ማኪና ወደ ኮሶዬ ወጥቼ ያስተማርኩትን በአገሬው ፊት እደግማለሁ፤ ወንድሜም ከከሳሾቼ ጋር ይቆማል።