ከአንጀት የተሰፋ ከረጢት

ሰፈሩ ሁሉ «መርፌ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ከሱቋ አጠገብ ቁልፍ የሚቀርጸው ሽማግሌ ነው፤ አንድም ቅጥነቷን፣ አንድም ቀጥ ብላ መቀመጧን፣ አንድም ምላሷን አይቶ። ከረጢት ሰፊ ናት። የተማሪ ቦርሳ፣ የመንገደኛ ሻንጣ፣ የአናጢ መሣሪያ መያዣ ከእጇ ይወጣል። ሱቋ በአንድ የስፌት መኪና፣ በአንድ ጠረጴዛና ግድግዳውን ተደግፈው በቆሙ የሸራ ጥቅሎች ሞልቶ የተረፈ ክፍል ነው። ያልተፈተሸ ሥራ አታስረክብም። የጨረሰችውን ቦርሳ አሸዋ ሞልታ ከሚስማር ላይ ሰቅላ ታሳድራለች፤ ሲነጋ ስፌቱ ትንሽ እንኳ ከሳሳ፣ ደንበኛው ቆሞ እያያት ትተረትረዋለች።

ሕመሙ የጀመራት በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ፊኛዋ ውስጥ ትንሽ ሽንት ሲጠራቀም እንደ ጋለ ብረት ይጠብሳታል። ስትሸና ለአፍታ ይተዋታል፤ ተመልሳ ወንበሯ ላይ ሳትደላደል ደግሞ ይነሳባታል። የሱቆቹ የጋራ ሽንት ቤት ከጓሮ ነው፣ ሃያ ሰባት እርምጃ። ቁልፉ በየተራ ይዞር የነበረው ቀርቶ አንገቷ ላይ ተንጠለጠለ፤ ሌላው ባለ ሱቅ ሲቸግረው ከሷ ይለምናል። በቀን ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ ትመላለሳለች። ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ የሚባል ነገር ረሳች።

መጀመሪያ «ብርድ ነው» አሏት። ከዚያ «ኢንፌክሽን ነው» ተባለና ወር በመጣ ቁጥር ኪኒን ዋጠች፤ ምርመራው ግን ሁልጊዜ «ጀርም የለም» ይላል። አንዱ ሐኪም ጭራሽ «ሐሳብ አያብዙ» ብሎ ሸኛት።

«ዶክተር፣ እኔ የማስበው ሽንት ቤት ብቻ ነው» አለችው፤ «ሐሳብ ያበዛብኝም እሱ ነው።»

በስድስተኛው ዓመት አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም በካሜራ ውስጧን አየና የሕመሙን ስም ነገራት። ፊኛዋ ቆስሎ፣ ጠባሳ ሆኖ፣ ከሻይ ብርጭቆ ግማሽ በላይ የማይዝ ሆኗል። ሁለት ዓመት ሙሉ በቱቦ መድኃኒት እያስገባ አጠበላት፤ ኪኒን ቀያየረላት፤ ምግቧን አስመረጣት። ጠብ ያለ ነገር የለም። በመጨረሻ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«የቀረን አንድ ነገር ነው፤ ትልቅ ነው። ፊኛውን እናወጣዋለን። ከትንሹ አንጀትዎ አንድ ክንድ ያህል ቆርጠን፣ ሰንጥቀን፣ አጥፈን እንሰፋዋለን። ከረጢት ይሆናል፤ በፊኛው ቦታ ይገባል።»

መርፌ «ከረጢት» የሚለውን ስትሰማ ቀና አለች። «በምን ክር?»

«ቀስ በቀስ ሟሙቶ በሚጠፋ ክር።»

«ክሩ ከጠፋ ማን ሊይዘው ነው?»

«ሥጋ ከሥጋ ይጋጠማል።»

«እኔ በዚህ ክር ብሰፋ ደንበኛ ሁሉ በወሩ ሻንጣውን ታቅፎ በመጣብኝ!» አለች። ቀጥላ ግን ኮስተር ብላ፣ «አለማፍሰሱንስ በምን ያውቃሉ?» ስትል ጠየቀች።

«እዚያው ውሃ ሞልተን እናያለን። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ቀለም ጨምረን ራጅ እናነሳዋለን።»

«እንደሱ ከሆነ እንነጋገራለን።»

ሐኪሙ ክፉውንም አልደበቃትም። አዲሱ ፊኛ «ሽንቴ መጣ» አይልም፤ በሰዓት መሽናትን መማር አለባት። ወራት ሙሉ አልጋ ልታረጥብ ትችላለች። አንዳንድ ሴት ደግሞ ጨርሶ አይወጣላትም፤ ዕድሜዋን ሁሉ በቀጭን ቱቦ እያስወጣች ትኖራለች። ሕመሙ የማይለቃቸውም ጥቂቶች አሉ። «ሄደው ይምከሩበት» አላት።

ታላቅ እህቷ ስትሰማ ደረቷን ያዘች። «የተፈጠርሽበትን አካል ቆርጠሽ ልትጥዪ? ኧረ ተይ፣ ቻይው!»

«እትዬ፣ ስምንት ዓመት ቻልኩት። መቻል ትምህርት ቢሆን እስካሁን ዲፕሎማዬ ግድግዳ ላይ ነበር።»

ባሏ ቤት ቀለም ቀቢ ነው፤ ዝምተኛ። ሐኪሙ ያለውን ነገረችው። በሦስተኛው ቀን ከሱቅ ስትመለስ መኝታቸውን ከጓዳ አውጥቶ ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ወዳለችው ክፍል አዛውሮት አገኘችው። ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት መያዣ ለመትከል እየበሳ ነው።

«ይሄ ለምንድን ነው?»

«ከሐኪም ቤት ስትመለሺ ስትነሺም ስትቀመጪም የምትይዥው ያስፈልግሻል» አለ፣ ዓይኑን ከመብሻው ሳያነሳ። መርፌ በማግሥቱ ሄዳ ፈረመች።

ቀዶ ጥገናው ሰባት ሰዓት ፈጀ። ስትነቃ ከአንገቷም ከሆዷም ከታችም ቱቦ ተተክሎባታል፤ እምብርቷን ዞሮ የወረደው ቁስል ስትተነፍስ ይወጋል። ዓይኗን ጨፍና ያንን የድሮውን፣ የሚጠብሰውን ፈለገችው። የለም። ቁስሉ ያማል፤ ግን ይኼኛው የሚድን ሕመም ነው። 

በሦስተኛው ቀን አንዲት ወጣት ነርስ መጥታ «እናቴ፣ ይነሱና እንራመድ» አለቻት። የመጀመሪያ ቀን እስከ በሩ፣ በነጋታው እስከ መስኮቱ፣ በሳምንቱ የኮሪደሩን ዳር ደርሳ ተመለሰች። ነርሷ ቱቦውን ማጠብም አስተማረቻት፤ ትልቁን ስሪንጅ በጨው ውሃ ሞልቶ ቀስ ብሎ ማስገባት፣ ቀስ ብሎ መሳብ። ከውስጥ እንደ እንቁላል ነጭ የሚሳብ ዝልግልግ ነገር ይወጣል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች መርፌ።

«አንጀቱ ሥራ መቀየሩን ገና አልሰማም፤ የለመደውን ያመርታል። ካላጠቡት ቱቦውን ይደፍነዋል።»

ያለችው አልቀረም። ቤት በገባች በአምስተኛው ቀን፣ ባሏ ሥራ ሄዶ ከእህቷ ጋር ሁለቱ ብቻ ሳሉ፣ እግሯ ሥር ያለው የሽንት መያዣ ላስቲክ አልሞላ አለ። የሆዷ ታችኛው ክፍል እንደ ከበሮ ተወጠረ። እህቷ ብድግ ብላ «ታክሲ! ታክሲ!» እያለች ጫማዋን አጥታ ትዞራለች።

«እትዬ፣ ተቀመጪና ስልኩን ያዢ። ነርሷን ጥሪልኝ፤ ድምፁን ከፍ አድርጊው።»

እጇን ታጠበች። ስሪንጁን ሞላች። ውሃው አልገባ አለ፤ በጣቷ አጥብቃ ልትገፋው ቃጣት። ነርሷ ከስልኩ ውስጥ «በጉልበት እንዳይገፉ! ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ ይዩት፣ በጎንዎ ይተኙ፣ ሳል ሳል ይበሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይሞክሩ» አለቻት። መርፌ ሃያ ዓመት የተወሳሰበ ክር ፈትታለች፤ የቸኮለ እንደሚበጥስ ታውቃለች። በጎኗ ተኛች፤ ሳለች፤ ጠብታ ታህል ገፋች፤ ሳበች። እንደገና። በአራተኛው ላይ ረጅም ዝልግልግ ተስቦ ወጣና ሽንቱ ኩልል ብሎ ወረደ። እሷ ትንፋሿን ስትለቅ እህቷ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። ዕንባዋን ከጠረገች በኋላ፣ ቻይው ስትል የነበረችው ሴት፣ «ከዛሬ ጀምሮ እኔንም አስተምሪኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ የስሪንጁ ኃላፊ እሷው ሆነች፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አታሳልፍም።

በሦስተኛው ሳምንት ቀለሙ ተሞልቶ ራጅ ተነሳች። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን ከፍ አደረገና «ስፌቱ አላፈሰሰም» አላት። ቱቦው ወጣ።

አሁን መሽናት ነው። ሽንት ቤት ገብታ ግማሽ ሰዓት ተቀመጠች፤ ምንም የለም። ስምንት ዓመት አልቆም ያላት ነገር ዛሬ አልመጣ አላት። ነርሷ ከበሩ ውጭ ሆና ትመራታለች፤ «እናቴ፣ ታችዎን ልቅቅ ያድርጉት፣ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ፣ ሆድዎን በእጅዎ ይግፉ። አይታገሉት።» መጀመሪያ ጠብታ፣ ከዚያ ቀጭን ጅረት። ድምፁ በሩን አልፎ ተሰማ።

«ወጣ እንዴ?» አለ ባሏ ከኮሪደሩ።

«ወጣ!»

«ይኼውልሽ፣ አሁን ገና ከአንጀትሽ ሸናሽ!»

ያ ዝምተኛ ሰው! መርፌ ሳቋን ማቆም አቅቷት ቁስሏን በመዳፏ ደግፋ ይዛ ወጣች። ነርሷም ግድግዳ ተደግፋ ትስቃለች።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ስልኳ ሽንቷን ሊያስታውሳት በየሁለት ሰዓቱ ይጮኻል፤ ስትተኛም። አንዳንዴ ጩኸቱን ሳትሰማ ታድርና አልጋው ረጥቦ ይነጋል። ባሏ አንሶላውን ይገፍፋል፤ እሷ ሌላ ታነጥፋለች። ታች ያለውን ጡንቻ በቀን ሦስት ጊዜ እያጠበቀች ታላላለች። ጥቅልል ሸራ እንዳታነሳ ስለተከለከለች እጇ ሥራ ፈታ፤ እቤት ሆና የልብስ ቁልፍ ትተክላለች።

በሁለተኛው ወር መታወቂያ ልታሳድስ ወጣች። ሰልፉ ረጅም ነው። የሽንት ሰዓቷ ሲደርስ ከፊቷ ስድስት ሰው ቀርቷል፤ ትንሽ ልታገሥ አለች፤ አስነጠሳት። ሙቀቱ በጭኗ ሲወርድ ተሰማት። ከኋላዋ ያለች ሴት ጠጋ ብላ አንሾካሾከች፤

«እህቴ… ቀሚስሽ…»

«አውቃለሁ እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ።» ሹራቧን አውልቃ ወገቧ ላይ አሰረችው። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ፤ እግሯ «እንሂድ» አላት። እሷ ግን ወዴት? ለስምንት ዓመት ከየሰልፉ እየወጣች፣ ከየሠርጉና ከየለቅሶው እየቀረች ኖራለች። ተራዋ እስኪደርስ ቆመች፤ ፎቶ ተነሳች፤ ፈረመች። የመታወቂያው ፎቶ ላይ የተቆጣች ትመስላለች።

በአራተኛው ወር ሌላ ነገር መጣ። ስትሸና ሁሉም እንደማይወጣ፣ ሩቡ ውስጥ እንደሚቀር ተለክቶ ታወቀ። ሐኪሙ የፈራው ነው፤ ጠዋትና ማታ በቀጭን ቱቦ የቀረውን ማስወጣት አለባት፣ ምናልባትም ለዘለዓለም። ያን ቀን እቤቷ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እህቷ ያመጣችውን ሾርባ እንኳ አልነካችም። በማግሥቱ ግን መስታወት ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ቆለፈች። ቱቦው የሚገባበትን ቀዳዳ ሁለቴ ሳተች፤ በሦስተኛው አገኘችው። በሳምንቱ መስታወቱን ተወችው፤ «መርፌ ውስጥ ክር በጨለማ የማስገባ ሴት ይኼ ያቅተኛል?» አለች። ለቱቦዎቿ ሊታጠብ የሚችል ገበር ያለው ትንሽ መያዣ ሰፋች፤ ሦስት ዓይነት ቆርጣ ሁለቱን ጣለች።

ሱቋን የከፈተችው በስድስተኛው ወር ነው፤ መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ሙሉውን። የሽንቷ ሁለት ሰዓት ሦስት ሆነ፤ ሦስቱ አራት። የሽንት ቤቱን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ ለቁልፍ ቀራጩ ስትሰጠው ሽማግሌው እጁ ላይ አገላብጦ አየውና «እኔ እኮ ይኼ ጌጥሽ መስሎኝ ነበር» አላት።

ዓመት ሲሞላት ነርሷ ደወለች። ፊኛው እንደሷው የቆሰለ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አለ፤ ቀዶ ጥገናውን ፈርቷል፤ ታነጋግረው እንደሆነ ጠየቀቻት። መርፌ ሐኪም ቤት ሄደች። ሰውየው ግዙፍ ነው፤ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያሽከረክራል። ለሴት እንዴት ብሎ ይናገር? ስለ አየር ጠባይ ጀመረ።

«ወንድሜ» አለችው፣ «እኔ ሰልፍ መሃል ሸንቻለሁ። ስለዚህ አየሩን እንተወውና የልብህን ጠይቀኝ።»

ቆቡ መሽከርከሩን አቆመ። «ሕመሙ… በእውነት ይሄዳል?»

ልትሸነግለው አልፈለገችም። «የኔው ሄዷል። የሁሉም ሰው ይሄዳል ማለት አልችልም፤ ሐኪሙን ጠይቀው። በቱቦ ነው የምኖረው፤ በሳምንት አንዴ አልጋ ይረጥባል። መጀመሪያ ያሉት ሦስት ወራት ከባድ ናቸው፣ አልዋሽህም። ግን ትናንት ከጠዋት እስከ ምሳ ከወንበሬ የተነሳሁት አንዴ ብቻ ነው። ሙሉውን የተኛሁበት ሌሊትም አለ።»

«እኔ አደባባይ ላይ ነው የምቆመው። ስምንት ሰዓት ሙሉ።»

«ሰዓት ጠብቆ ማስቆምና ማሳለፍ ሥራህ አይደለም እንዴ? ከኔ ይልቅ አንተ ቶሎ ትለምደዋለህ።»

ሰውየው በአፍንጫው ሳቀ፤ ከዚያ ጮክ ብሎ። ስለ ቱቦው፣ ስለ ሌሊቱ፣ ሚስቱን ምን እንደሚላት አንድ በአንድ ጠየቃት፤ እሷም ያልደረሰባትን «አላውቅም» እያለች መለሰችለት። ሲበቃው ቆቡን አድርጎ ተነሳና የሐኪሙን በር አንኳኳ። መርፌ ሰዓቷን አይታ ወደ ሽንት ቤት አመራች፤ ስትወጣ ስድስት የተማሪ ቦርሳ እስከ ማታ ማድረስ ነበረባትና አውቶቡስ ለመያዝ ፈጠን ፈጠን አለች።